አባትሽ የሰሙት ሦስት ምስክር ሳይሆን አንድ አፍ ነው

ጥያቄ፦ «የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ አሁን ደብረ ብርሃን እሠራለሁ። አባቴ እዚያው መንዝ ገበሬ ነው። አንድ በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ አክሲዮን እየሸጠ ነው። አባቴ ጥማድ በሬውንና ጥቂት በጎቹን ሸጦ ሊገዛ ተነሥቷል። ይቅርብህ ስለው፣ ‹በዜና ሰምቻለሁ፤ በማስታወቂያ ሰምቻለሁ፤ ባለሥልጣን ሲመርቀውም በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ይዋሻል?› ይለኛል። እኔም ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ይኸው ኩባንያ ይመጣብኛል። ስለሱ ከእናቴ ጋር ካወራሁ በኋላ ደግሞ ብሶበታል። ሚዲያዎች እኛን እንዴት ነው የሚመርጡን? ዜናው፣ ማስታወቂያውና ሕዝብ ግንኙነቱስ በምን ይለያል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አባትሽ ሞኝ አይደሉም። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ሦስት ምስክር ከቆመ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እሳቸውም ሦስት ቆጥረዋል። ዜናው አንድ፣ ማስታወቂያው ሁለት፣ ምረቃው ሦስት። ችግሩ ሦስቱም ከአንድ ቤት የወጡ መሆናቸው ነው። አንድ አፍ በሦስት በር ገብቶ ነው ያናገራቸው።

ይህን የምለው ኩባንያው አጭበርባሪ ነው ለማለት አይደለም። እኔ አላውቀውም። ግን ሦስቱንም በሮች አውቃቸዋለሁ። በሪፖርተርነት ጀመርኩ። ከዚያ ማስታወቂያ ሽያጭ ክፍል ገባሁ። ቀጥሎ ብዙ ዓመት በሕዝብ ግንኙነት ሠራሁ። ስለዚህ ከውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ፤ አንቺም ለአባትሽ ትነግሪያቸዋለሽ።

ያደግኩት ደብረ ሲና ነው። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዘን እንሮጥ ነበር። ዝም ብለን ግን አንሮጥም። ከጣርማ በር ወርዶ የመጣው ተሳፋሪ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው የቆየ ነው። ከሸዋ ሮቢት በኩል የወጣው ደግሞ ሙቀት ያደከመው ነው። ለአንዱ ቆሎ፣ ለሌላው ውሃ። ልጅ የያዘች እናት የተቀመጠችበትን መስኮት ከሩቅ እንለያለን። ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ይሁን ጎማ ሊያይ የወረደ እናውቃለን፤ ያለን ጊዜ የሚለካው በዚያ ነውና። የሚዲያ ድርጅትም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ማን መጣ፣ ምን ይፈልጋል፣ ስንት ሰዓት ይቆማል ብሎ ይጠይቃል። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እኛ ለተሳፋሪው ቆሎ ነበር የምንሸጠው። እነሱ የሚሸጡት ተሳፋሪውን ነው። ገዢው አስተዋዋቂው ነው።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1833 ቤንጃሚን ዴይ የሚባል አታሚ ኒውዮርክ ውስጥ «ዘ ሰን» የተባለ ጋዜጣ አወጣ። ሌሎቹ በ6 ሳንቲም ሲሸጡ እሱ በ1 ሳንቲም ሸጠ። ብዙ ሰው ገዛው። ትልቁን ገንዘብ ያገኘው ግን ከአንባቢው አልነበረም። ያን ሁሉ አንባቢ ማግኘት ከሚፈልገው ነጋዴ ነው። ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ፌስቡኩም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። አባትሽ ሬዲዮ ለመስማት የሚገዙት ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። የቀረውን ሌላ ሰው ይከፍልላቸዋል። የመንግሥት ጣቢያም ቢሆን በጀት እያለው ማስታወቂያ ይሸጣል።

ለነገሩ ነጋሪትም የሚጎሰመው ገበያ ቀን ነበር። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረች ጊዜ አዋጅ ነጋሪው ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ቆሞ አይጮህም። ሕዝቡ ወደተሰበሰበበት ይሄዳል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ዛሬ «ሼር አድርጉ» የምንለውን ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ግን ነጋሪቱን ማን እንዳስመታው ሁሉም ያውቃል። የዛሬው ጣጣ እሱ መደበቁ ነው።

አሁን ወደ ዜናው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አባትሽን የያዛቸው እሱ ነውና።

አዲስ አበባ ሪፖርተር ሳለሁ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ለአለቃችን የጥሪ ደብዳቤ መጣ። አንድ ኩባንያ ሆቴል ውስጥ ጋዜጣዊ መግለጫ ይሰጣል። ሄድኩ። በር ላይ ስማችንን አስመዘገብን። የኩባንያው አርማ ያለበት ቦርሳ ተሰጠን። ቦርሳው ውስጥ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሁለት ገጽ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ርዕስ አለው። መግቢያው እንደ ዜና ተጽፏል። የሥራ አስኪያጁ ንግግር በትምህርተ ጥቅስ ገብቶበታል። ገና ሳይናገሩ ማለት ነው። ፎቶው በፍላሽ ተጭኗል። ሻይ ጠጣን። ሦስት ጥያቄ ተጠየቀ። ስንወጣ አንዲት ልጅ እያስፈረመች ፖስታ ሰጠችን። የትራንስፖርት አበል ይሉታል።

ቢሮ ስመለስ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። ሌላ ሁለት ዜና ይጠብቀኛል። ያን ጽሑፍ ከፈትኩና ሁለት ሦስት ቃል ቀየርኩ። ስሜን ከሥር ጽፌ ሰጠሁ። በማታው ዜና ተነበበ። ውሸት አልነበረበትም። ግን አንድም ነገር አላጣራሁም። ከኩባንያው ውጭ አንድም ሰው አልጠየቅኩም። ማታ እናቴ ከደብረ ሲና ደወለች። «ስምህን ሰማሁ፤ ያ ነገር እውነት ነው አይደል?» አለችኝ። እኔ ያጣራሁት መስሏት ነው። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። አባትሽም የሚያምኑት እንደሷ ነው። ዜና ከሆነ አንድ ሰው ሄዶ አይቶታል ብለው ነው።

ሁሉም ጋዜጠኛ እንዲህ ነው አልልም። አንድ የወረዳ ጉዳይ ለማጣራት ጭቃ ረግጠው በእግራቸው የሄዱ ልጆች አውቃለሁ። ግን ሰው ያነሰበት፣ መኪና የሌለበት፣ በቀን ይህን ያህል ዜና አምጣ የሚባልበት ቤት የተዘጋጀ ጽሑፍ ሲያገኝ አይገፋውም። ሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጽሑፉን እንደ ዜና አስመስሎ የሚጽፈውም ለዚህ ነው። እኔም በኋላ በዚያኛው ወንበር ስቀመጥ የምጽፈው እንደዚያው ነበር። ጥሪውን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አደርጋለሁ፤ ዜና በሚሳሳበት ቀን። በጣቢያው ዓይነት ደግሞ ቃሉን እለውጣለሁ። ለቢዝነስ ጋዜጣ ስለ ካፒታል፣ ለክልል ሬዲዮ ስለ ሥራ ዕድል፣ ለማኅበራዊ ገጽ ስለ አንዲት የተረዳች እናት። ጉዳዩ አንድ ነው። የሚለወጠው ሰሚው ነው።

ስለ ሕዝብ ግንኙነት ሲነሳ የግድ የሚነሳ ሰው አለ፤ ኤድዋርድ በርኔስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ የአሜሪካ የሲጋራ ኩባንያ ለሴቶችም ሲጋራ መሸጥ ፈለገ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ አደባባይ ላይ ማጨሷ ነውር ነበር። በርኔስ ማስታወቂያ አላሠራም። በትንሣኤ በዓል ቀን ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ወጣት ሴቶች ሲጋራ ለኩሰው እንዲሄዱ አደረገ። ሲጋራውን «የነፃነት ችቦ» አለው። ለጋዜጠኞች አስቀድሞ ተነገራቸው። በማግሥቱ ጋዜጦች ዜና አድርገው አወጡት። ከጀርባው ሲጋራ ሻጭ እንዳለ አንባቢው አላወቀም።

የእኛ አገር መልኩ ሌላ ነው። ደብተር ለተማሪዎች ይታደላል። የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። ሪባን ይቆረጣል። የሃይማኖት አባት ይባርካሉ። ካሜራ አለ። ደብተሩ እውነተኛ ደብተር ነው፤ ልጆቹም ይጠቀሙበታል፤ እሱን አልነቅፍም። ግን ለአባትሽ ይህን ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው። ድንጋይ ያስቀመጠ ባለሥልጣን የኩባንያውን ሒሳብ መርምሯል ማለት አይደለም። ተጋብዞ መጣ፤ ንግግር አደረገ፤ ሄደ። መመረቅ ፈቃድ አይደለም። ለኩባንያው ግን ያ ፎቶ ከአንድ ወር ማስታወቂያ ይበልጥበታል። ሕዝብ ግንኙነት በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም። ክትባት መቼ እንደሚሰጥ፣ ውሃ ለምን እንደጠፋ ለሕዝብ በጊዜው የሚነግር ባለሙያ ትልቅ ሥራ ነው የሚሠራው። እኔም የምኮራበት እንዲህ ያለው ሥራዬ ነው።

ማስታወቂያው ከሦስቱ ግልጽ ነው፤ ቢያንስ ሊሸጥልሽ እንደመጣ ይናገራል። እንዴት እንደሚመርጣችሁ ግን ላሳይሽ። ሽያጭ ክፍል ስሠራ ግድግዳችን ላይ ትልቅ የዓመት መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ አረፋ በቀይ ተከበዋል። ከጎናቸው በእርሳስ ሌላ ነገር ተጽፏል፤ አዝመራ። ገበሬው ወቅቶ እህሉን ገበያ የሚያወጣበት ወር ማለት ነው። ቆርቆሮ፣ ሞባይል፣ የፀሐይ መብራት የሚሸጡ ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሚመጡት። ለምንጃር የጤፍ ገበሬና ለመንዝ የበግ አርቢ አንድ ማስታወቂያ አናዘጋጅም። ለአንዱ «ምርትህን» ይባላል፤ ለሌላው «ለልጆችህ ጥሪት»። ድምፁም ይመረጣል። አክሲዮን የሚሸጥ ሰው የጎረምሳ ድምፅ አይፈልግም። ረጋ ያለ፣ የጎልማሳ፣ አባወራ የሚመስል ድምፅ ይፈልጋል። ከሥሩ ማሲንቆ ይገባል። ከዜና ፊትና ኋላ ያለችው ደቂቃ ከሁሉ ውድ ናት። ዜና ያመነ ጆሮ ገና አልተዘጋምና።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ኤፍኤም ላይ የምትሰሚያቸው ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የጣቢያው አይደሉም። የአየር ሰዓት የገዙ ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው የሚሠሯቸው። ለጣቢያው የሚከፍሉትን ገንዘብ ከስፖንሰር ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ እንግዳ ሆኖ የቀረበው ሥራ አስኪያጅ አንዳንዴ የፕሮግራሙ ስፖንሰር ራሱ ነው። አዘጋጁ እንዴት አድርጎ ጠንከር ያለ ጥያቄ ይጠይቀው? ቃለ መጠይቁ እየሞቀ ይሄዳል፤ ሰሚው ምርመራ ይመስለዋል።

የቢራ ነገርም አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠፋ። ለጤና መልካም ሆነ፤ እኔም እደግፋለሁ። ጣቢያዎቹ ግን ትልቁ ገቢያቸው ተነቃነቀ። እኔ እንዳየሁት ያን ክፍተት ለመሙላት የመጣን አስተዋዋቂ ማን ነህ ብሎ መመርመር እየላላ ሄደ። ሪል እስቴቱም አክሲዮኑም የገባው በዚያ በር ነው።

ስልክሽ ጋ ስንመጣ፣ «ይሰማኛል ወይ?» ብለሽ ነው የፈራሽው። ፌስቡክ ለማስታወቂያ ብዬ ማይክሮፎን አልጠልፍም ብሎ በተደጋጋሚ አስተባብሏል። እኔም ማስታወቂያ ሳወጣ «ስለዚህ ጉዳይ ያወሩ ሰዎች» የሚል ምርጫ ገጥሞኝ አያውቅም። ያጋጠመኝ ሌላ ነው። ካርታ ይመጣል። ደብረ ብርሃንን እመርጣለሁ። ከከተማው ዙሪያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እወስናለሁ። ዕድሜ እሞላለሁ። ቋንቋ እመርጣለሁ። ገጻችንን ከፍተው ያዩ ሰዎች ላይ ብቻ እንዲመላለስ ማዘዝ እችላለሁ። የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ዝርዝር ጭኜ «እነዚህን ፈልግልኝ» ማለት እችላለሁ። ከዚያም አልፎ «እነዚህን የሚመስሉ ሌሎችንም አምጣ» የሚል አለ። ባዛር ላይ ለዕጣ ብለሽ የመዘገብሽው ቁጥር እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አንቺ ምን አደረግሽ መሰለሽ? አባትሽ ከነገሩሽ በኋላ የኩባንያውን ስም ፈልገሻል። ገጹን ከፍተሽ ከላይ እስከ ታች አይተሻል። ማስታወቂያው ሲመጣ ተናደሽም ቢሆን ቆም ብለሽ አንብበሻል። ማሽኑ ንዴትሽን አያውቅም። የሚያውቀው መቆምሽን ነው። ይቺ ሴት ፈልጋዋለች ብሎ ደጋግሞ አመጣልሽ። ልታስጠነቅቂያቸው ስትፈልጊ አንቺም ዝርዝሩ ውስጥ ገባሽ።

የዚህ ነገር አደጋ በዓለምም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ ያለፈቃዳቸው እንዳገኘ ታወቀ። በዓመቱ ፌስቡክ በአሜሪካ 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ቁጥርሽን ያለፈቃድሽ የሚያዞር ሰው ዛሬ ሕግ አለበት።

ቴሌግራሙ ሌላ ነው። እዚያ የቻናሉ ባለቤት ራሱ ነው ቦታውን የሚሸጠው። ፖስቱ ለተወሰነ ሰዓት ከላይ ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል። «አስደሳች ዜና» ብሎ ይጀምርና ስልክ ቁጥር ይሰጣል። ስልክ ቁጥር ሰጥቶ የሚያበቃ ዜና ካየሽ ዜና አይደለም።

እና እንዴት ትለያላችሁ? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። ሁልጊዜ ግን አይለይም። ስለዚህ እናንተው ለዩ። ቅዳሜ አገር ቤት ስትሄጂ ማታ ሬዲዮውን ከአባትሽ ጋር ስሚ። ስለ ኩባንያው ሲወራ ማን ማን እንደተናገረ አንድ ላይ ቁጠሩ። ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትሉ፣ የገበያ ኃላፊው ከሆኑ አንድ ሰው ነው ብላችሁ ያዙ። ከስሮ የወጣ ባለአክሲዮን አለ? የሒሳብ ባለሙያ ተጠይቋል? «ባይሳካስ?» ያለ ጋዜጠኛ አለ? ከሌለ፣ ጽሑፉ ቦርሳ ውስጥ ነው የመጣው። አባትሽ ይህን ቶሎ ይይዙታል። በግ ሲገዙ የሻጩን ዘመድ ምስክር አያደርጉም፤ ጥርሱን ራሳቸው ያያሉ።

ስልክሽ ላይ ደግሞ ማስታወቂያው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪ። ለምን እንዳየሽው የሚነግርሽ ቦታ አለ። ስንት ዓመት፣ የት አካባቢ ያለ ሰው እንደተፈለገ ታያለሽ። የፌስቡክ የማስታወቂያ ቤተ መጻሕፍትም ለማንም ክፍት ነው። የኩባንያውን ስም ጽፈሽ በአሁኑ ሰዓት የሚያስኬዳቸውን ማስታወቂያዎች ሁሉ ማየት ትችያለሽ። ለዳያስፖራው የሚለውና ለመንዝ ገበሬ የሚለው አንድ መሆኑን አነጻጽሪ። ለአንዱ የከተማ ሕንፃ፣ ለሌላው የእርሻ ማሽን እያለ ከሆነ ያንን ለአባትሽ አሳዪያቸው። ከኔ ምክር ይልቅ እሱ ያሳምናቸዋል።

አክሲዮኑን በተመለከተ ዜናውንም ማስታወቂያውንም ትታችሁ ወረቀት ጠይቁ። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ገዢው የሚያነበው፣ ስለ ኩባንያው ዝርዝር የያዘ መግለጫም መዘጋጀት አለበት። ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ይሉታል። ደብረ ብርሃን ቢሮ ካላቸው ሂጂና እሱን አሳዩኝ በይ። ገንዘቡ የሚገባው ኩባንያው እስኪመሠረት በማይነካ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ነው ወይ በይ። ከአክሲዮኑ ዋጋ በላይ የሚቆረጥ የአገልግሎት ክፍያ አለ? ኩባንያው ባይመሠረት እሱስ ይመለሳል? መልሱን በቃል አትቀበይ። ከዚያ ባለሥልጣኑ ጋ መመዝገቡን ራስሽ አጣሪ፤ ሻጩ በሰጠሽ ስልክ ሳይሆን የባለሥልጣኑን አድራሻ ራስሽ ፈልገሽ።

አባትሽን ግን «ተታለሃል» ብለሽ አትጀምሪ። ሦስት ምስክር ቆጥሬ ነው ያመንኩት ብለዋል፤ ያ አስተዋይነት ነው። «አራተኛ ምስክር ላምጣልህ፤ ከነሱ ቤት ያልወጣ» በያቸው። ወረቀቱን ካገኘሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ። እስከዚያ በሬዎቹ ከበረት አይውጡ።